በሁለት መስታወት መሃል

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእናቴ መኝታ ክፍል መስኮት ባለ አንድ መስታወት ነበር፤ ፍሬሙም ብረት። ክረምት በመጣ ቁጥር ብርዱ ጉልበቷ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና ዕቃዋን ሸክፋ ክረምቱን እህቷ ቤት እንደምታሳልፍ ነገረችን።

እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚያው ሰሞን የፊዚክስ መምህራችን ሙቀት በተለያዩ ነገሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ አወዳድረን እንድናቀርብ አዘዙን። ጓደኞቼ ማንኪያና ሽቦ መረጡ፤ እኔ መስኮት። እናቴንም እስክጨርስ እንድትጠብቀኝ ለመንኳት። ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ።

ሁለት ካርቶን ወስጄ የእያንዳንዳቸውን አንድ ጎን ቆረጥኩ። ለአንደኛው አንድ መስታወት፣ ለሌላኛው ሁለት። ሾላ ገበያ አጠገብ መስታወት የሚቆርጠው ሰውዬ በሁለቱ መሃል ቀጭን እንጨት ላድርግ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አቧራ ገብቶ መምህሩ ፊት እንዳያሳፍረኝ ፈርቼ ግጥም አድርጎ እንዲያጣብቃቸው ነገርኩት። አጣበቀልኝ። ያምር ነበር።

በየካርቶኑ አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ አስቀምጬ በየአሥር ደቂቃው ቴርሞሜትሩን አነበብኩ። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ደገምኩት፤ ያው ነው። መጽሐፉ ግን ድርብ መስታወት ሙቀት ይይዛል ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥሩን መጽሐፉ እንደሚለው ላስተካክለው እርሳስ አንስቼ ነበር። ቁጥሩን ባስተካክል የእናቴ ክፍል አይሞቅም ብዬ ተውኩት።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ምን እንዳስከፋኝ ጠየቀችኝና አሳየኋት። የተጣበቁትን መስታወቶች በጣቷ ዳሰሰች።

«ጋቢ ሲያረጅ ለምን አይሞቅም?» አለችኝ።

«ስለሚሳሳ ነዋ።»

«ክሩማ ያው ነው፤ ተደፍጥጦ ነው እንጂ። አዲሱ ነፋ ያለ ነው፣ በመሃሉ አየር ይይዛል። አንቺ ገና ሳይለበስ ደፈጠጥሽው።»

በማግስቱ ሾላ ተመለስኩ። ሰውዬው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይሄንን ነው ወይ ብሎ አሾፈብኝ፤ ቢሆንም በመሃሉ የጣት ውፍረት ያለው እንጨት አስገብቶ ዙሪያውን ዘጋልኝ። ካርቶኑ ራሱ ሙቀት ስለሚያስወጣ ልዩነቱ የተጋነነ አልነበረም። ሆኖም ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ዘግይቶ የቀዘቀዘው ድርቡ ነው። ለመምህሩ ያቀረብኩት ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን ስህተቴንም ጻፍኩት።

እሁድ ከአባቴ ጋር የእናቴ መስኮት ላይ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት ገጠምን። ብረት ሙቀት ቶሎ ስለሚያሳልፍ ፍሬሙን በእንጨት አደረግነው።

ሰኔ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ጠዋት፣ እናቴ የእጇን ጀርባ መስታወቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ስልኳን አንስታ እህቷ ጋ ደወለች።

«ዘንድሮ አልመጣም» አለቻት። «ይልቅ ብርዱ ከከበደሽ አንቺ ነይ።»