እጅ ያልነካው ገንዘብ

ኤኒድ ክራብትሪ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ ጥሩውን ካፖርቷን ትለብስና ከእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ ከሞርካም በአውቶቡስ ላንካስተር ወርዳ ከባንክ ባንክ ስትዞር ትውላለች። ሌላው ሰው ለመጋረጃ ወይም ለጫማ እንደሚዞረው እሷ ለወለድ ትዞራለች። በየመስኮቱ የተለጠፈውን ታነባለች፤ ገብታ ትጠይቃለች፤ የሰማችውን ለገና በመጣላት ካርድ ፖስታ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ሲደክማት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሥጋ ፓይ ትበላለች። ስትመለስ ባሏ ሌን ሻይ አፍልቶ ይጠብቃታል።

"እሺ የገንዘብ ሚኒስትሯ፣ ዘንድሮ ማን አሸነፈ?"

"ጥጉ ላይ ያለው። ለሁለት ዓመት ሳንነካው ካስቆለፍነው ከሁሉም ይበልጣል።"

"በኛ ዕድሜ ሁለት ዓመት ይቆለፋል እንዴ?"

"ደግሞ አንተን ማን ይወስድሃል ብለህ ነው!"

ሂሳቡ አይሳ የሚሉት የቁጠባ ሂሳብ ነው። ወለዱ ላይ መንግሥት ግብር አይቆርጥበትም፤ በየስም ስለሚከፈት ሌን የራሱ፣ ኤኒድም የራሷ ነበራቸው። ሕጉን ኤኒድ እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ታውቀዋለች። ከሁሉ አስበልጣ የምታከብረው ደግሞ የማዛወሩን ሕግ ነው። የተሻለ የሚከፍል ባንክ ሲገኝ ገንዘቡን ራስህ አውጥተህ አትወስደውም፤ አዲሱ ባንክ ከአሮጌው ጠይቆ ይረከባል። አውጥተህ ከያዝከው ከግብር ነጻነቱ ይቀራል። "እጅ ከነካው ረከሰ" ትላለች ኤኒድ። እንዲህ እያለ ገንዘቡ ከሃያ ዓመት በላይ ከባንክ ወደ ባንክ ሲሻገር፣ አንድም ቀን ደጃፋቸውን ሳይረግጥ ኖረ።

ልጅ ሳለች አባቷ ደመወዙን መጠጥ ቤት አራግፎ ነበር የሚገባው። ዓርብ ዓርብ የቤት ኪራይ የሚሰበስበው ሰውዬ ሲያንኳኳ እናቷ ልጆቹን ከሶፋው ጀርባ ታስተኛቸዋለች፤ ትንሿ ኤኒድ እንዳታስነጥስ አፏን በመዳፏ ትይዝባታለች። የእናቷ መዳፍ የሳሙና ሽታ ነበረው። ኤኒድ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ልብስ ማጠቢያ ገባች፤ ሆቴሉ እስኪዘጋ ድረስ የሰው አንሶላ ስትተኩስ ኖረች። ሌን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ጂሊያን አሏት። ቤታቸውን በሥርዓት ያዙ፤ ከሰው አልተበደሩም። የተረፋቸውን ለክፉ ቀን አስቀመጡ። ክፉው ቀን ሲመጣ በምን እንደሚያውቁት ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

ገንዘቡ ለሁለት ዓመት በተቆለፈ በሁለተኛው መከር የሌን ቀኝ ዳሌ እምቢ አለ። ሐኪሙ መጋጠሚያው አልቋል፣ መቀየር አለበት አለ። በመንግሥት ሆስፒታል በነጻ ነው፤ ወረፋው ግን ከዓመት ያልፋል። በግል ሆስፒታል በወር ውስጥ ይሠራል፤ አሥራ አምስት ሺህ ፓውንድ ይጠይቃል። የሌን አይሳ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ቁልፉ የሚከፈተው ሚያዝያ ላይ ነበር።

ሌን ደረጃ መውጣት አቃተው። ምድር ቤት ተኛ ሲሉት አሻፈረኝ አለ። ታችኛው ደረጃ ላይ ይቀመጥና ጀርባውን ሰጥቶ፣ በእጁ እየተደገፈ፣ አንድ በአንድ በመቀመጫው ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋትም እንደዚያው ይወርዳል። "ወደ ኋላ መንዳት ድሮም እችልበታለሁ" ይላል።

ለገና ጂሊያን ከሊድስ መጥታ ይህን አየች። እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ገንዘቡ እኮ አለ። አውጡና ይታከም።"

"ተቆልፏል።"

"የተቆለፈ ማለት አይወጣም ማለት አይደለም። ቅጣት ከፍሎ ማውጣት ይቻላል፤ ጠይቄያለሁ።"

"የዓመት ወለድ ሊበሉን ነዋ! ሚያዝያ እኮ ደረሰ። ሲከፈት በማግስቱ ይዤው እሄዳለሁ።"

"አባዬ፣ አንተስ? ሂሳቡ በስምህ ነው።"

ሌን ሚስቱን አያት፤ ከዚያ ድንቹን ማየት ጀመረ።

"እኔ የምነዳው አውቶቡሱን ነው። ትኬት የምትቆርጠው እሷ ናት።"

"ያምሃል ግን?"

"ስቀመጥ አያመኝም። ከቆምኩም በኋላ አያመኝም። መሃል ላይ ነው እንጂ።"

ጂሊያን አልሳቀችም። በማግስቱ ስትሄድ እናቷን በር ላይ አቅፋ "እባክሽ" ብቻ አለቻት።

ጥር ላይ ኤኒድ ለማንም ሳትናገር ካፖርቷን ለብሳ ላንካስተር ወረደች። ጥጉ ላይ ባለው ባንክ ሻዚያ የምትባል ወጣት ሠራተኛ አለች፤ ከዓመታት ጀምሮ ትውውቅ አላቸው።

"ወይዘሮ ክራብትሪ! መጋቢት ደረሰ እንዴ?"

"አልደረሰም የኔ ልጅ። ባሌ ቢዘጋው ቅጣቱ ስንት ይሆናል?"

ሻዚያ አሰላች። "ወደ ሰባት መቶ ፓውንድ። እሳቸው ከፈረሙ በሳምንት ውስጥ ይወጣል። የሚፈረመውን ልስጥዎት?"

ኤኒድ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሰባት መቶ ፓውንድ። እናቷ በዓመት ያን ያህል አይታ አታውቅም። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ አሳለ።

"ሚያዝያ ይሻላል" አለች፤ ወጣች። ስትመለስ ገበያ ገብታ ሶሉ የማያንሸራትት የቤት ጫማ ገዛችለት።

"ምን ተገኘ ዛሬ?" አላት ሌን ጫማውን እያገላበጠ።

"ቅናሽ ነበር።"

የካቲት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ኤኒድ ወጥ ቤት እንቁላል ስትጠብስ ከደረጃው በኩል ድምፅ ሰማች። ጩኸት አልነበረም፤ ከባድ ነገር ሲወድቅ እንጂ። ስትደርስ ሌን ከታች ተጋድሟል። አዲሱ ጫማ ከእግሩ አልወጣም ነበር። ያንን ቀን በመቀመጫው አልወረደም፤ እንደ ሰው ቆሜ ልውረድ ብሎ ነበር።

ዳሌው ተሰብሯል። የመንግሥቱ ሆስፒታል በማግስቱ ቀየረለት። ወረፋ የለ፣ ክፍያ የለ፤ ለተሰበረ ሰው ቀጠሮ የለም። ቀዶ ሐኪሙ ደስ ብሎት ነበር የነገራት፤ አዲስ ዳሌ ተገጥሞለታል፣ ከቀድሞው የተሻለ ነው አላት። ሌን ትራስ ተደግፎ ጠበቃት። ፊቱ ገርጥቷል።

"አየሽ አይደል" አላት፣ "በነጻ። ሳንቲም ሳታወጪ። እንዳንቺ ያለ ነጋዴ የት ይገኛል።"

"ዝም በል አንተ ሽማግሌ" አለችው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት።

ሳምንት ሳይሞላ ደረቱ ላይ ብርድ ገባ። ከዚያ ብዙ አልተናገረም። ወሩ ሳያልቅ ሞተ።

ጂሊያን ለቀብር መጥታ ሰነበተች። ስለ ገንዘቡ አላነሳችም። ሳህን ታጥባለች፣ ሻይ ታፈላለች፤ ወደ ላይ ስትወጣ ደረጃውን በፍጥነት ትወጣዋለች። ኤኒድ አንድ ነገር ብትለኝ ብላ ጠበቀች። አላለቻትም።

ሚያዝያ ሲገባ፣ ሂሳቡ ሊከፈት በነበረበት ሳምንት፣ ኤኒድ ላንካስተር ወረደች። ሻዚያ ከመስኮቱ ጀርባ ተነስታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት። የላኳቸውን ወረቀቶች አይተናል፤ ሁሉም ተሟልቷል።"

"በሞተበት ቀን ቁልፉ ገና አልተከፈተም ነበር" አለች ኤኒድ። "ቅጣቱስ?"

"ቅጣት የለውም። ባለቤቱ ሲሞት እንዲሁ ነው የሚከፈተው።" ሻዚያ ወረቀቶቹን ወደ እሷ አስጠጋች። "ደግሞ እሳቸው ያስቀመጡትን ያህል በእርስዎ ስም ከግብር ነጻ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ለዓመቱ ከሚፈቀድልዎ መጠን በተጨማሪ። ለትዳር ጓደኛ የተሰጠ ነው።"

ኤኒድ ይህንንም ሕግ ታውቀው ነበር። ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላት ነበር እንጂ።

"እናንተ አሁን ስንት ትከፍላላችሁ?"

ይህን የጠየቀችው ራሷ መሆኗን ያወቀችው ሻዚያ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ነው። ልጅቱ በቀስታ ነገረቻት። የኤኒድ እጅም እንደ ልማዱ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ፖስታና እርሳስ አወጣ። ዘንድሮ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው የገና ካርድ ፖስታ አልነበረም፤ ጥቁር መስመር የተሰመረበት የሐዘን ካርድ ፖስታ ነበር። ጀርባው ላይ ጻፈች።

"ላስብበት የኔ ልጅ" ብላ ወጣች።

ዝናብ ይዘንባል። አውቶቡሱ ማቆሚያው ላይ ደርሷል፤ ሮጣ ትደርስበት ነበር። እግሯ ግን ወደማዶው ባንክ አሻገራት። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን በእርጥብ መነጽሯ አነበበች። ፖስታዋን አየች፤ ደግማ አነበበች።

ይህኛው ይበልጥ ነበር።