እንደ ቅጠሉ የለበሰው ቤተሰብ

ቀለም መደብሩ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ቀለም ስትቀምም «አንዲት ጠብታ ትቀረዋለች» ሳትል ቆርቆሮ ስለማትከድን ነው። ሰው ከግድግዳው የተላጠ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል። እሷ መብራት ሥር ይዛ ታገላብጠዋለች፣ ዓይኗን ታጠብባለች፣ ጥቁር ጠብ ታደርጋለች፣ ቢጫ ጠብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ጣቷ ላይ ቀብታ ከቅርፊቱ ጋር ታስተያየዋለች። ደንበኛው ወስዶ ሲቀባው የተጠገነው ቦታ ድራሹ ይጠፋል፤ ቀዳዳው የት እንደነበር ባለቤቱ ራሱ በእጁ ካልዳበሰ አያገኘውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስመሰገናት ይኸው ነው። እሷም ብትሆን ምስጋና በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው የሚወጣባት ሰው አይደለችም።

ዘንድሮ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር የቤተሰብ ፎቶ እንነሳ አለች። ምክንያቱን ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም የቀረቻቸው ብርሃን ዓመት እንደማትሻገር እንቅጩን ነግሯታል። እሷ የምትፈልገው ያቺ ብርሃን ሳትጠፋ የበር ግማሽ የሚያህል ፎቶ አልጋቸው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ልጆቻቸውን ጠግበው እንዲያዩ ነው። ሰውየው ግን የዓይናቸው ነገር ሲነሳ የሚመዙት ቀልድ ነው። «ደህና አያለሁ» ይላሉ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እንዳልምልላችሁ ደግሞ ሥራው ተጀምሯል።» ቤተሰቡ ማልቀስ ይሻል መሳቅ ይሻል ሳይለይለት ይስቃል።

ጠብታ ነገሩን እንደ ሥራዋ ያዘችው። ፎቶው ከሚነሳበት መናፈሻ ሦስት የወደቁ ቅጠሎች ለቅማ፣ በሶፍት ጠቅልላ መደብር ወሰደቻቸው፤ ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያይታ ቁጥራቸውን ያዘች። ማታውን ካርዱን በአንድ እጇ፣ ትልቅ ከረጢት በሌላው ይዛ የሁሉንም ቁምሳጥን መፈተሽ ጀመረች።

«አንተ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነህ» አለችው ባሏን።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እሑድ እሑድ ለዳቦ ቤቱ ቡድን በረኛ ይቆማል። «እሱ ደሞ ምንድን ነው?» አላት።

«ደረቅ ቅጠል።»

«እኔ እኮ የበረኛ ማሊያዬን ልለብስ ነበር ያሰብኩት።»

ማሊያው ዓይን የሚወጋ የሎሚ አረንጓዴ ነው። አጥቂዎች ኳሷን ወደ ውጭ የሚለጓት እሱን ላለማየት ነው ተብሎ ይታማል። ጠብታ ማሊያውን ጠቅልላ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።

ቀጥሎ ታናሽ እህቷ ጋ ሄደች። እህቷ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ከመቀሷ ይልቅ ምላሷ የተሳለ ነው። ያላት ቀሚስ ወይንጠጅ፣ ከላይ እስከ ታች ብልጭልጭ የተሰፋበት ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ቀሚስ እኮ በሰው ሠርግ ላይ ሙሽራዋን አስረስቷል።»

«ለዚህ ነው የማትለብሺው።»

ቀሚሱ ገባ። የጠብታ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ቦግ ያለ ሮዝ ጃኬትም እየተለቀሰለት ገባ። በመጨረሻ አባቷ ክርኑ የሳሳ ቀይ ሹራባቸውን ራሳቸው አውልቀው አስረከቡ።

«እኔንስ ስንት ቁጥር አላችሁኝ?»

«ሁለት መቶ ሃያ፣ አባዬ። ወደ ቡናማ የሚያደላ ክሬም ነው።»

«እኔ የማውቀው የአውቶቡስ ቁጥር ነው። ሁለት መቶ ሃያ የትም አያደርስም፤ አቀበቱ ላይ ሲደርስ ይበላሻል።»

ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ቤቱ ውስጥ በስሙ የተጠራ ሰው የለም። «እማዬ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት መታጠቢያ ቤት ገብቶ አልወጣም አለ» ትላለች ልጅቷ። «ለሁለት መቶ ሃያ መድኃኒታቸውን ስጧቸው» ትላለች አክስቷ። ጠብታ ቀልዱ በማን እንደሆነ ብታውቅም ደስታዋን አልቀነሰባትም። ልብሶቹ ተገዝተው፣ ተተኩሰው፣ ወንበር ላይ በተራ ተዘርግተው ስታያቸው ልቧ በኩራት አበጠ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ሠርታ፣ መደብሩ ጓዳ ውስጥ ቡናማ ቀሚሷን ቀየረች፤ የሥራ ጋውኗን ደግሞ አጣጥፋ የመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ወረወረችው። ጋውኑ አንድ ወቅት ነጭ ነበር። አሁን ያልነካው ቀለም የለም፤ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ተንጠባጥቦበታል። እሷ በዚያ ጋውን ታፍራለች። ጎበዝ ቀማሚ ልብሱ አይቆሽሽም፤ በእሷ ዓይን እያንዳንዷ ጠብታ አንድ ቀን የሳተችው ልክ ናት። ስለዚህ ከመደብሩ በር ውጭ ለብሳው ወጥታ አታውቅም።

መናፈሻው ውስጥ ዛፉ እንደ ታዘዘ ቀልቶ ጠበቃቸው። ቅጠሉ ከላይም ከታችም ነው፤ መሬቱ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣል። ፎቶ አንሺው ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። አራቱን ዛፉ ሥር ደርድሮ በካሜራው አየ፣ ቀና ብሎ በዓይኑ አየ፣ እንደገና በካሜራው አየ።

«አላችሁ አይደል?» አለ።

«የት እንሄዳለን?» አለች ጸጉር ሠሪዋ።

«አይ፣ እንዲያው በጣም ተስማምታችኋል።»

ጠብታ ይህን እንደ ምስጋና ወሰደችው። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ቤተሰብ ወንበር ዘርግቶ በስልክ ፎቶ ይነሳል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ እናትየዋ ከራስ እስከ እግር ብርቱካናማ፣ ትንሿ ልጅ የነብር ዥጉርጉር ለብሳለች። «ነገር በዓይን ይገባል ይባላል» አለች ጠብታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄስ በሩን ገንጥሎ ነው የገባው።»

አባቷ እግራቸው እንዳይደክም ከወዲያ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎቶ አንሺው መካከል ላይ ባዶ ወንበር አስቀመጠና «እሳቸው መጥተው እስኪቀመጡ ማንም እንዳይናገር፣ ፈገግታችሁን ያዙ» አለ። አራቱ ፈገግ እንዳሉ ደረቁ። «አባባ፣ ይምጡ!»

ሰውየው ተነሱ። ሰው ሲደግፋቸው አይወዱም፤ ከተማ ሙሉ ተሸክመው የኖሩ ናቸውና። በትራቸውን እየተከሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ መጡ፣ መጡ፣ በአራቱ ፊት አለፉ። ሃያ እርምጃ ሄደው በእርጋታ ከባለ ቀይና ከባለ ሰማያዊ ቤተሰብ መሐል፣ አንድ ባዶ ወንበራቸው ላይ ዙፋን እንዳገኘ ሰው ተቀመጡ። ስልክ የያዘው ሰውዬ ግራ ገብቶት ሳያስበው ፎቶውን አነሳው። አባቷ ዥጉርጉሯን ልጅ ራሷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ጸጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«አልተቆረጥኩም» አለች ልጅቷ።

ድምፁ የሌላ ነው። ሰውየው ገባቸው፤ ግን ሹፌር አይደነግጥም። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ሰው ቆሞ ባየሁበት ማቆም ልማዴ ነው።»

ጸጉር ሠሪዋ ቅጠሉ ላይ ተንከባለለች። ዳቦ ጋጋሪው ዛፉን ደግፎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የወንበሩ ባለቤቶችም ሳቁ፤ ብርቱካናማዋ እናት «ምን አለበት፣ አያት አጥሮን ነበር» አለች። ያልሳቀችው ጠብታ ብቻ ናት። ሮጣ ሄዳ የአባቷን ክንድ ያዘች።

«የት ነበራችሁ?» አሏት በሹክሹክታ።

«እዚያው፣ ዛፉ ሥር።»

«ዛፉንማ አየሁት። የታደለ ዛፍ ነው። ሰው ግን አልነበረበትም።»

ጠብታ ዞር አለች። ዓይኗን መደብር ውስጥ እንደምታደርገው አጠበበች። እውነትም ዛፉ ሥር ሰው የለም። ባሏም፣ እህቷም፣ ልጇም በደንብ እንደተለበጠ ቀዳዳ ጠፍተዋል። በሕይወቷ ከዚህ የተዋጣለት ሥራ ሠርታ አታውቅም። ፊቷ ጋለ። ካርዱን ይዛ አሥር ቀን ስትሯሯጥ በሐሳቧ ፎቶውን የሚያየው ሳሎን የሚመጣ እንግዳ ነበር፤ አልጋው ላይ ሆነው የሚያዩትን ሰው ዘንግታቸው ነበር።

«ምልክት የሌለው ፌርማታ ላይ ሹፌር ምን ያድርግ?» አሉ አባቷ፣ እንዳይከፋት ክንዷን መታ መታ እያደረጉ።

እህቷ ከጸጉሯ ላይ ቅጠል እየለቀመች ቀረበች። «እትዬ፣ ካልተቆጣሽ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ምን?»

«ከረጢቱ መኪናው ውስጥ ነው። አንቺ ዞር ስትይ አንድ ልንነሳ ተማክረን ነበር።»

«ሁላችሁም?»

«እኔ አልተማከርኩም» አሉ አባቷ። «ሲነገረኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ጠብታ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ በአንድ ጊዜ ሳቅም እንባም መጣባት። «ምን ትጠብቃላችሁ? አምጡት» አለች።

ከመኪናው ጀርባ አንሶላ ተወጠረና ቁጥር የወጣላቸው ልብሶች ሁሉ እየተገፈፉ ወደቁ። ማሊያው ወጣ፣ ብልጭልጩ ወጣ፣ ሮዙ ጃኬት ወጣ፣ ቀዩ ሹራብ ወጣ። ልጅቷ እጇን እጅጌው ውስጥ ሳታስገባ ወዲያ ወዲህ ትዘላለች።

«እማዬ፣ አንቺስ ቅጠል ሆነሽ ልትቀሪ ነው?»

ጠብታ አሰበች። ሌላውን እንዲህ ስትነቅፍ የኖረች ሴት ቤቷም ቢሄዱ አንድ ደማቅ ልብስ የላትም። ከዚያ ዓይኗ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ የተጣጠፈው ነገር ላይ አረፈ። ጥቂት አመነታች። አወጣችው፣ አራገፈችው፣ ቀሚሷ ላይ ደርባ እስከ አንገቷ ቆለፈችው። የሳተችውን ልክ ሁሉ ለብሳ ሰው መሐል ቆመች።

«አሁን አባዬ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ይቀመጡ» አለች። «ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

ተቀመጡ፤ ፎቶ አንሺው ጠራቸው፤ ተነሱ። ግንባራቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ዛፉን አዩ። ጠብታ ለማሳል ፈለገች፤ ግን ዋጠችው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ አሥር። ሰውየው ወደ ማንም ሳያዘነብሉ እንደ ተዘረጋ ገመድ ቀጥ ብለው መጡ።

«በረኛው እዚህ ነህ» አሉ። «ጸጉር ሠሪዋ ትንቦገቦጋለች። ሮዟ የልጅ ልጄ ናት።» ከዚያ የመጨረሻዋ ፊት ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ጋውኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይቺ ደግሞ ከሁላችሁም ትንሽ ትንሽ ወስዳለች።» እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «ይሄን ለመሥራት ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት፣ አባዬ።»

«ቸኩለሽ አልሠራሽውም» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ፎቶው አልጋቸው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። እነዚያ የመናፈሻው ሰዎችም የራሳቸውን በፎቶ አንሺው በኩል ላኩ፤ አባቷ ዥጉርጉሯን ልጅ ይዘው በኩራት የተቀመጡበትን። «እሱም ይሰቀል፣ የወረድኩበት ፌርማታ ነው» ብለው አዘዋል። እንግዳ ሲመጣ ሁለቱን አይቶ «የቀለም ባለሙያ ቤት አይደል እንዴ? ማነው እንዲህ ያለበሳችሁ?» ይላል።

«እኔ» ትላለች ጠብታ።

በዓመቱ መጨረሻ መደብሩ ለሠራተኞች አዲስ ነጭ ጋውን አደለ። የሷ እስከ ዛሬ ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሥራ ስትወጣ አሮጌውን ሳታወልቅ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው እያያት ትመጣለች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ገና መንገዱን ሳትሻገር፣ የእግሯም ድምፅ ሳይሰማ፣ «መጣች፣ ሻይ ጣዱ» ይላሉ።