ከካርታው የተፋቀች ጎጆ

ባለፈው ጥቅምት፣ የቶሮንቶ ዛፎች ቅጠላቸው ደም በመሰለበት ሰሞን፣ የልጅ ልጄ ሊያ ሥዕል ልታሳየኝ ሙዚየም ወሰደችኝ። አራት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ በብዕርና በቡናማ ቀለም የተነደፈ ሥዕል ፊት ቆምን። አሮጊት ዝይ ታባርራለች፤ ዝዩ በሁለት እንግዶች እግር ሥር ተሸሽጓል።

«አባባ፣ እንግዶቹ የጥንት ግሪኮች አማልክት ናቸው፤ ድሃ መስለው ነው የመጡት። ሰፈሩ በሙሉ በር ሲዘጋባቸው አሮጊቷና ባሏ ብቻ አስገቧቸው። ያላቸውን አንድ ዝይ ሊያርዱላቸው ነው።»

«አረዱት?»

«ኖ! እንግዶቹ ‹ተዉት› አሉ። በኋላ ሰፈሩን ውሃ ሲበላው የእነሱን ቤት ሴቭ አደረጉት።»

መቀመጫ ፈለግሁ።

ያኔ አገር ቤት ሳለሁ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ መሬት ስንለካ ዝናብ ያዘንና እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ ብቸኛ ሴት ጎጆ ገባን። አንዲት ዶሮ ነበረቻቸው። ሊይዟት ሲሉ አመለጠቻቸውና እግሬ ሥር ገባች። እማማ ቢላዋ አቀበሉኝ።

«በቤቴ ወንድ የለም፤ አንተው ባርክልኝ፣ ልጄ።»

ሴት አታርድም። በስመ አብ ብዬ አረድኳት። ወጡ በርበሬው ያነሰ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነበር፤ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ቢሮ ስንመለስ አለቃዬ ንድፌ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«የሰው ቤት ናት፣ ጌታዬ።»

«ቤት ካለ የመንገዱ መስመር ይጠመዘዛል። ፋቃት።»

በምላጭ ፋቅኋት፤ ወረቀቱን በጥፍሬ አለሰለስኩት። አለቃዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየውና፣ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ የፋቅሁትን ያወቀብኝ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ በዚያው መንገድ አለፍኩ። ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። ከቦዩ ዳር ሦስት የጠቆሩ ጉልቻዎች ተገልብጠው አየሁ። ሾፌሩን «አቁም» ማለት ይቻለኝ ነበር። አላልኩም።

«አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለች ሊያ፤ ከዚያም ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ ሳቀች። «ይዩ፣ አሮጊቷ ሁለት ቀኝ እጅ አላት! ሚስቴክ ነው?»

እውነቷን ነው። ሠዓሊው እጇን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነድፎት ኖሯል።

«ተሳስቷል» አልኳት። «ግን አልፋቀውም።»

ክሬሰንት ታውን፣ ከአሥራ አራተኛው ፎቅ ቤታችን እንደ ደረስን፣ እርሳስና ማስመሪያ አወጣሁ። እጄ ልኩን አልረሳም፤ ወንዙን፣ ኮረብታውን፣ ጎጆዋን በየቦታቸው አሳረፍኩ። ከዚያም መንገዱን አሰመርኩ። ጎጆዋን እንዲዞራት ያስፈለገው የጥፍሬን ያህል መታጠፍ ብቻ ነበር።