ሰሊጥ የጠጣው ሸራ

እጆቼ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ነጭ የስፌት ክር ይጠመጥሙ ነበር። እንጨቱን ባለቤቴ ዳኛው ከመጥረጊያ እጀታ ቆርጦ ነው የሠራው። በመኪናው ላይ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ሲገጥም መሐል ለመሐል የሚይዝለት ዘንግ ፈልጎ ነበር፤ እንጨቱ ግን ቀጠነበት። እኔ በመተማ ቀሚስና የጭነት መኪና ሸራ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ገብቶ መቀመጥ ብቻ ነው። ቀጭን ነገር በክር ማወፈር ግን አያቅተኝም። ጠመጠምኩ፣ ለካሁ፣ ጥቂት ፈታሁ፣ ደግሜ ለካሁ። ልክክ አለ።

«አንቺ አይናዲስ፣ መካኒክ ሆነሽ ቀረሽ!» አለኝ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ።

ሙገሳ አልለመድኩም። ጉድ የሠራኝም ይኸው ሙገሳ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዳኛው አስተማሪ ነበር። መኪናዋን እርሻው ከተወረሰበት አንድ ጣሊያናዊ በርካሽ ገዛት፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት የሚስም የስፖርት መኪና። በእኛ አሸዋ ላይ ከሮጠችበት የተገፋችበት ይበልጣል። አሁን ደግሞ ፍሪሲዮኗ አልቆ፣ ሞተሯ ይጮኻል እንጂ ጎማዋ አይዞርም።

በማግሥቱ የእህቱ የእልፍነሽ ሠርግ ነው። ሙሽራው አለነ በገንዳ ውሃ ከተማ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር። ባለፈው ዓመት ጓደኛዋ በትራክተር ተሳቢ ተሞሽራ፣ ቬሏ ጆንያ መስሎ ደርሶ እስካሁን ይሳቅባታል። እልፍነሽም «በተሳቢ የምወሰድ ከሆነ ከቤት አልወጣም» ብላ አለቀሰች። ዳኛው በመኪናው ሊሸኛት ማለላት።

ዳኛው ምሳ ሊቀምስ ሲገባ እኔ ከአዲሱ ሸራ ጋር ቀረሁ። ዳበስኩት። ክብ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ሻካራ ነው። የእኔ ሸራ ሲደርቅ መርፌ ይሰብራል፤ ዘይት ስቀባው ይለሰልሳል። ስሙ ሸራ ከሆነ ጠባዩም ያው ነው አልኩ። በአጠገቤ አማቴ እማማ ውባንች የሰጡኝ አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት ነበር፤ የሙሽራዋን ሹሩባ ለምትሠራው ለጎረቤታችን ለአገኘሽ አድርሺልኝ ብለውኝ ነው። በጨርቅ አድርጌ ሁለቱንም ፊት፣ ጠርዙን ሳይቀር አሸሁት። ሲያበራ ደስ አለኝ። ዳኛውም እጁ በግሪስ ስለተለወሰ ልብ ሳይል ገጠመው።

በማግሥቱ አለነ ሚዜዎቹን በተሳቢ ጭኖ እየተጨፈረ መጣ። ሙሽሮቹ በጠባቧ የኋላ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ። ዳኛው ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ጮኸች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ነዳጁን አብዝቶ ረገጠ። ግቢው የተቆላ ሰሊጥ ሸተተ።

«ማናት ዛሬ ሰሊጥ የምትቆላው?» አሉ እማማ ውባንች ወደ ወጥ ቤት ዞረው።

ዳኛው አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አይናዲስ! ሸራውን ምን አደረግሽው?»

«አለሰለስኩት።»

«ኧረ በሻካራነቱ እኮ ነው የሚይዘው!»

ከሚዜዎቹ አንዱ «ቤንዚን ጠፋ ብለን ስንሰለፍ፣ ለካ በሰሊጥ የሚሄድ መኪና አላችሁ!» ሲል ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከበሩ ኋላ ገብቼ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። መካኒኳ እኔ ነኝ!

እልፍነሽ ግን ከውስጥ «መስኮቶቹን ዝጉልኝ» ስትል ሰማሁ። «ተሳቢውን ፈታችሁ መኪናዋን በትራክተሩ ጎትቷት። ቬሌ አቧራ ካልነካው ምን ቸገረኝ!»

ተሳቢው ተፈታ፣ መኪናዋ በገመድ ታሰረች። አንዱ ሚዜ ትራክተሩን ያዘ፤ ሌሎቹ ጭቃ መከላከያው ላይ ተንጠለጠሉ። ዳኛው መሪውን ጨብጦ፣ እሱ የሚነዳ ይመስል ጥሩምባ እየነፋ ወጣ። ሙሽሮቹ በተዘጋው መስኮት ውስጥ በላብ ተጠመቁ፤ ቬሉ ግን ገንዳ ውሃ ነጭ ሆኖ ገባ።

አቧራው ሲበን እማማ ውባንች ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ያን ዘይት ለአገኘሽ አደረስሽላት?»

«አሁን አደርሳለሁ፣ እማማ» አልኩ። አገኘሽ ዘይቱ ቢዘገይባት ሹሩባውን በቅቤ ጨርሳ፣ ከሠርገኛው ጋር ቆማ ስታጨበጭብ አያታለሁ። ጎዶሎው ጠርሙስ ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ እንዳስቀመጥኩት ነው።