በበር ቀለም የታፈነው በገና

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ቅቤ ቅቤ ከሚሸት ምድጃ ዳር ነበር። የእናቴ ወንድም አያ ደምሌ በገና ሠሪ ነበሩ። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከአርብ ገበያ በላይ ባለችው ቤታችን፣ ሲመሻሽ ከዋንዛ የፈለፈሉትን የበገና ገበቴ ፍም ዳር አሙቀው ለጋ ቅቤ በጨርቅ ያሹታል፤ እንጨቱ እስኪጠጣው ድረስም ለእኔና ለእህቴ ተረት ይነግሩናል። አፋቸው ሥራ ሲያገኝ እጃቸው አይቸኩልም ነበር።

አንደኛውን በገና ግን ክረምቱን ሙሉ ነው የፈለፈሉት። «እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው እንጨት እጄ ገብቶ አያውቅም» ይሉ ነበር። ያዘዘው የአገራችን ግራዝማች ነው። በሕይወቱ ሳለ አንቱ ብዬዋለሁ፤ አሁን ይብቃው።

ሁዳዴ በገባ በማግስቱ ሥራውን ሊያይ መጣ። ገና ሳይቀመጥ አፍንጫውን ነፍቶ አሸተተ።

«ደምሌ፣ ይኼ ቅቤ አይደለም? በጾም ቅቤ የነካ በገና ታቅፌ ልደረድር?»

የበገናው ፊት የበሬ ቆዳ ነው፤ አሥሩም አውታሮች የበግ አንጀት ናቸው። እነሱ ጾሙን አላስገደፉትም።

«እንግዲያው በኑግ ዘይት ልጨርሰው ጌታዬ» አሉ አያ ደምሌ። «እሱ የጾም ነው፤ ለድምፁም አይከፋም።»

«ኑግማ የድኻ ነው!» አለና አሽከሩን ጠርቶ አንድ ቆርቆሮ አስቀረበ፤ ከበሩ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም። በአገሩ በሩን ቀለም የቀባ እሱ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ሳያነሣ አይውልም። «ይኼን ቀባው፣ ቆዳውንም ጭምር። ከደጀ ሰላም የቆመ ሰው ሁሉ የማን በገና እንደሆነ ይወቅ።»

ጾሙ ሰበብ ነበር። በልጅ አእምሮዬ እንኳ ገባኝ።

አያ ደምሌ «ተረት ልንገርዎ» አሉት። አንድ ጅብ ንስሐ ገብቶ ሁዳዴን ሊጾም ማለ፤ ወተትና ቅቤ ላይቀምስ። ሦስት ቀን ሰንብቶ ሜዳ ላይ የምትታለብ ላም አገኘ። ብዙ አሰበ፣ አወጣ አወረደ። በመጨረሻ መሐላውን እንዳያፈርስ ጡቷን ብቻ ትቶ ላሟን ጨርሶ በላት።

ግራዝማቹ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አይ ጅብ! ጡቷን ተወ? እንዴት ያለ ቂል ነው እናንተ!» አለና ዓይኑን ጠርጎ ቆርቆሮውን በእግሩ ወደ አጎቴ ገፋው። «በል እንግዲህ፣ ሦስት ጊዜ ደራርብበት።»

ተቀባ። እሑድ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሲደረድረው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ መንዘር የነበረበት በገና እህል የሞላ ስልቻ የሚመቱ ያህል ድምፁ ታፈነ። ግራዝማቹ አላፈረም። «ድሮም የደምሌ እጅ እንጨት አያውቅም» አለ፤ ሰውም አመነው፣ ባለ ርስት የተናገረው ነዋ። ከዚያ ወዲያ በገና ሊያሠራ ደጃችን የመጣ የለም።

ዛሬም የጾም ወሬ የሚያበዛ ሰው ሳይ ጅቡ ትዝ ይለኛል፤ እስቃለሁም። ግራዝማቹን መናቅ ለእኔ ቀላል ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀው ኖሬአለሁ። የማይቀለኝ ሌላው ነው። አያ ደምሌ ያን ቀለም ሲቀቡ፣ እንዳይደፋባቸው ቆርቆሮውን ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ። ጾሙ ሰበብ መሆኑን እያወቅሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያዝሁላቸው።