በዳባትና በደባርቅ መካከል የቀረች መርፌ

በጃንሆይ ጊዜ በጎንደር ጤና ክፍል ጸሐፊ ሳለሁ፣ በጥር ወር አለቃዬ ወደ ደባርቅ ላኩኝ። የደባርቁ የመንግሥት ክሊኒክ በነጻ ያክማል፤ መድኃኒቱ ግን ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ዳባት ላይ የግል መድኃኒት ቤት ያላቸው አቶ ኑርሁሴን ደግሞ ክሊኒኩን ተረክበው እያስከፈሉ ለማከም አመልክተዋል። «ሁለቱንም አይተህ የሚሻለውን ጽፈህ አምጣ» ተባልሁ።

ሰኞ

እህል በጫነ መኪና ጋቢና በሁለት ብር ተሳፈርሁ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ በረታ፤ በየአውድማው ገብስ ይወቃል።

የዳባቱ መድኃኒት ቤት ንጹሕ ነው፤ መደርደሪያውም ሙሉ። ደጁ ላይ አንድ የጃናሞራ ገበሬ ሚስቱን በቃሬዛ አስተኝቷል። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ደባርቅ መድኃኒት አልቋል ብለው ወደዚህ ሰደዱን። እዚህ ደግሞ የመርፌው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነ» አለኝ።

አቶ ኑርሁሴንን ጠየቅኋቸው።

«በራሴ ገንዘብ ከአስመራ ነው የማስመጣው። ለሁሉ በነጻ ከሰጠሁ በወሩ እዘጋለሁ» አሉኝ።

የሁለቱንም ቃል ጽፌ መንገዴን ቀጠልሁ።

ማክሰኞ

ደባርቅ ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ድሬሰሩ አቶ ታደለ ብቻቸውን ቁስል ያጥባሉ። ባዶውን የመድኃኒት ሣጥን ካሳዩኝ በኋላ፣

«ወደ ዳባት የላክኋት የሳንባ ምች በሽተኛ መርፌ አገኘች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላገኘችም።»

«አይተዋት ነበር?»

«አዎ።»

ወደ ቁስል አጠባቸው ተመለሱ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ያገኘሁትን መኪና ይዤ ወደ ዳባት ተመለስሁ።

ባልና ሚስቱን አንዲት ጠላ ሻጭ ጓዳዋ አስጠግታቸው አገኘኋቸው። የጉዞ አበሌን ለመድኃኒቱ ሰጠሁ። አቶ ኑርሁሴን የመውጊያውን ዋጋ ተዉት፤ ጧትና ማታ ራሳቸው እየመጡ ወጓት።

ዓርብ

ሴትዮዋ ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። ባሏ ውጭ ድረስ ሸኘኝ።

«ጌታው፣ ሰኞ ዕለት ምን ነበር የሚጽፉት?»

«ያላችሁኝን ነዋ።»

«እኛስ መድኃኒት የሚያዙልን መስሎን ነበር» አለኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ

ጎንደር ገብቼ ሪፖርቴን አቀረብሁ። ክሊኒኩ በመንግሥት እጅ ይቆይ፤ መድኃኒት ሲያልቅ ግን ከአቶ ኑርሁሴን ይግዛ እንጂ በሽተኛውን መንገድ ላይ አይስደድ የሚል ነበር።

«የማን ይሁን ብቻ ነው እኮ ያልሁህ፤ ስለ ግዢው መች ጠየቅሁህ?» አሉ አለቃዬ።

ያየሁትን ሁሉ፣ ሰኞ ዕለት በሽተኛዋን ጥዬ መሄዴን ጭምር፣ ነገርኋቸው። ብዕራቸውን አንሥተው ለደባርቅ መድኃኒት እንዲላክ ፈረሙ። የአቶ ኑርሁሴን ማመልከቻ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሥራ ስወጣ መጀመሪያ በሽተኛውን እጠይቃለሁ፤ ማስታወሻዬን የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው።