የሐጂን መኪና ስለ መግዛትና ስላለመግዛት

ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ቦንጋ ውስጥ ከገበያው በላይ በሚገኝ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ የአንዲት አሮጌ መኪና ኮፈን ሲከፈት እመለከት ነበር። ሰዓቱን የማስታውሰው መካኒኩ የቀጠረኝ ለሦስት ሰዓት ስለ ነበር ነው። ሃያ ደቂቃ በከተማችን መዘግየት አይባልም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ሒሳብ ሳስተምር ደወሉ ሲደወል ጠመኔ ይዤ የምገኝ ሰው ስለ ነበርኩ፣ ዛሬም ሳላሰላው አላልፍም። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። በእኔ ዕድሜ የሚገኝ ሰው መኪና ቢሸጥ እንጂ ባይገዛ ይሻለዋል። መግዛት ብዙ መጠየቅን ይፈልጋል፤ መጠየቅም ጉልበት ይጨርሳል።

ምክንያቴ ባለቤቴ ናት። አምና ክረምት ደጃችን ላይ ጭቃ አዳልጧት የዳሌ አጥንቷ ተሰበረና ጅማ ወስደን አስጠገንናት። ከዚያ ወዲህ በከዘራ ግቢ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፤ ሚኒባስ ግን ጨርሶ አልሆነላትም። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ፣ ጉልበትን እስከ አገጭ አጥፎ መቀመጥ ለጤነኛውም ፈተና ነው። ታላቅ እህቷ ደግሞ ያሉት ቢታ ገነት ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞተች ባለቤቴን ያሳደጓት እኚሁ እህቷ ናቸው፤ አሁን አልጋ ይዘዋል። ሁለቱ ከተያዩ ዓመት ሊሞላ ነው። ክረምቱ ጠንክሮ የቢታ መንገድ ሳይበላሽ ባለቤቴን እህቷ ዘንድ ማድረስ ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መኪና ለክብር የሚፈለግበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ።

መኪናዋ በከተማው “የሐጂ መኪና” ትባላለች። ሐጂ በጎረምሳነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን ከእኔ እጅግ አሳምረው የሚናገሩ ነጋዴ ነበሩ። ሁለታችንም እንግዳ ሆነን የመጣንበት አገር ነው፤ እሳቸው ተምረው ለመዱት፣ እኔ አስተምሬ እንግዳ ሆኜ ቀረሁ። ነጯን ዲኤክስ አውቶሞቢል ከጅማ ስኳርና ሳሙና ሲያመጡባት፣ ምጥ የያዛትን ሲያደርሱባት፣ ለቅሶ የሚሄደውን ሲጭኑባት ኖረው አምና አረፉ። ልጃቸው ሱቁን ያዘና መኪናዋን ሊሸጥ ቆረጠ። የጠራልኝ ዋጋ ከአዲስ ባጃጅ ብዙም የራቀ አልነበረም። አዲስ የቤንዚን መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌው ሁሉ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ይህ አስፈራኝ። ስለምን እንዲህ እንዳረከሰው ስጠይቀው አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ “አባቴ በሕይወት ኖሮ ለቲቸር ቢሸጥ ስንት ይል ነበር ብዬ ነው ያሰብኩት” አለኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ዋጋ መከራከር አይቻልም፤ መጠራጠርም ነውር ይመስላል።

እኔ ግን ከመጠራጠር አልተቆጠብኩም። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ አምስት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ነው፤ መቶ ሺህ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ የሚታየው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ መታወቅ ያለበት ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ነው። ልጁን ጠየቅሁት።

“እኔ ሳውቃት አንዴ ዞራለች” አለ። “ከእኔ በፊት ያለውን አላህ ነው የሚያውቀው።”

መካኒኩ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ ይሰማን ኖሯል። “እርስዎስ ቲቸር፣ ስንት ጊዜ ዞረዋል?” አለኝ። በዚያ ሳምንት ይህን ቀልድ ያልቀለደብኝ ሰው ጥቂት ነው፤ መሳቅ ስላለብኝ ሳቅሁለት።

መካኒኩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በቦንጋ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል እኔ ያስተማርኩት ነው፤ ይህም ሰላምታ ከማብዛት በቀር የሚጠቅመው የለም። ካንዴላ ፈታ፣ የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ በጣቱ መካከል አሸው፣ ከሥር ገብቶ ወጣ። ስለ ሞተሩ “አልተከፈተም” አለ። በእነሱ ዘንድ ይህ ለአሮጌ መኪና የሚሰጥ ትልቁ ምስጋና ነው፤ ተበላሽቶ ተፈትቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ስሰማው ግን የሚጠብቃት ሁሉ ገና ከፊቷ ነው ማለትም ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ። ስለ ፍሪሲዮኗ ስጠይቀው “ትይዛለች” አለ። ስለ ፍሬኗ ስጠይቀው “ለቦንጋ ይበቃታል” አለ። ለቢታስ ስለው “ቢታ እንግዲህ…” ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ነገሩ ገባኝ። ይህን ጋራዥ ሲከፍት መነሻ የሰጡት ሐጂ ነበሩ፤ ልጃቸው ደግሞ አጠገባችን ቆሟል። መኪናዋን ቢነቅፍ የሟቹን ውለታ መንቀፍ ይሆንበታል፤ ቢያመሰግን አስተማሪውን ማሳሳት ይሆንበታል። ሻጩ የአባቱን ዕቃ ማሞካሸትም ማጣጣልም ያፍራል። እኔም የወዳጄን ልጅ እንደ ሌባ መመርመር አፍሬያለሁ። ሦስት ሰዎች አንዲት መኪና ከብበን ቆመናል፤ ይሉኝታ ይዞን አንዳችንም እውነተኛ ቃል አንናገርም። ትዕግሥቴ ሲያልቅ መካኒኩን እንዲህ አልኩት፦ “በአንድ ቃል መልስልኝ። እናትህን በዚች መኪና ወደ ቢታ ትልካለህ ወይስ አትልክም?”

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። “ቲቸር፣ እናቴ ቢታ ዘመድ የላትም” አለኝ።

የሐጂ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። መልስ ግን አላገኘሁም።

የሐጂ ልጅ እየነዳ በማንኪራ መንገድ ቁልቁል ወርደን ዳገቱን መልሰን እንድንወጣ ተስማማን። ቁልቁለቱን ያለ ችግር ወረደች። ለመዞር ጥግ ይዘን ስንቆም፣ ቆጮ በጀርባዋ ያዘለች አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር መጣች፤ አንዳችም ሳትጠይቅ የኋላውን በር ከፍታ ሸክሟን አስቀደመችና ተቀመጠች። የሐጂ ልጅ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ፤ ቢሆንም ሦስታችንንና ቆጮውን ይዞ ወጣ። ባለፍንበት ሁሉ እጅ ይነሣ ነበር፤ ሰላምታው ለእኛ ሳይሆን ለመኪናዋ ነበር። ሴትዮዋ ገበያው አጠገብ ወርዳ በካፊኖኖ መረቀችን። ምርቃቱ ለሐጂ ነፍስ እንደ ነበር ልጁ ተረጎመልኝ።

“ይሄም አብሯት ነው የሚሸጠው፣ ቲቸር” አለኝ። እየቀለደ ይሁን እያስጠነቀቀኝ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም።

ወደ እኛ ቤት ነዳት። ባለቤቴ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነጠላዋን ለብሳ ከዘራዋን ይዛ ወጣች። ለሐጂ ልጅ የአባቱን ነፍስ ይማር ብላ ከሳመችው በኋላ በግራ እጇ በሩን ይዛ፣ ደኅናውን እግሯን አስቀድማ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የመጨረሻውን ስንዝር ግን ወረደች ከማለት ወደቀች ማለት ይቀላል። ወንበሩ የሶፋ ያህል የሚያሰጥም ነው። “በሩን ዝጉልኝ እስቲ” አለች። ዘጋንላት። በመስተዋቱ በኩል ወደ መንገዱ እያየች ጥቂት ቆየች። ካምና ወዲህ እንደዚያ ፊቷ ፈክቶ አላየሁም፤ ያን ጊዜ ብጠየቅ መኪናዋን በተጠራው ዋጋ እገዛ ነበር።

ከዚያ መውረድ መጣ። እግሮቿን አወጣች፣ ከዘራዋን መሬት ላይ ተከለች፣ ሞከረች። ደግማ ሞከረች። ወንበሩ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ የሚያሰጥምም ነበር፤ ዳሌዋ ያን ሁሉ ክብደት ከዚያ ጥልቀት የሚያነሣ ጉልበት የለውም። ሚኒባስ ላይ ቢያንስ የሚጨበጥ ብረትና ከፍ ያለ ወንበር አለ። በመጨረሻ የሐጂ ልጅ “ቢስሚላህ” ብሎ በአንድ ብብቷ፣ እኔ በሌላው ገብተን አነሣናት። ነጠላዋ ወድቆ ነበር፤ እሱ አንሥቶ አራገፈውና ትከሻዋ ላይ አደረገላት።

“አይዞህ፣ እለምደዋለሁ” አለችኝ፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ከካንዴላ እስከ ጭስ ማውጫው ማርሚታ ያላስመረመርኩት ነገር አልነበረም። ወንበሩ ከመሬት ያለውን ከፍታ መመልከት ግን ለአንድ አፍታ እንኳ አልታሰበኝም። የሐጂ ልጅ ሲሰናበተኝ፣ ሚዛን ከተማ የሚኖር አንድ ሰው ለታክሲ ሊወስዳት እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን የእኔን ቃል ሳይሰማ ለማንም እንደማይሸጥ ነገረኝ። የሚጠብቅህ ሰው ከሚያጣድፍህ ሰው ይልቅ ያስጨንቃል።

ከምሳ በኋላ መፍትሔ ፍለጋ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ጠንካራ ፍራሽ ይደረግ አልኩ፤ ጭንቅላቷ ጣሪያውን እንደሚነካ ራሴው ደረስኩበት። ከፍ ያለ መኪና በኮንትራት እንያዝ አልኩ። ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ስታዳምጠኝ ቆየችና፣ ለእሷ ብዬ ከሆነ እንድተወው ነገረችኝ።

“ለማን ብዬ ነው ታዲያ?”

“እህቴ እኮ እኔ የዳንኩ ነው የሚመስላት” አለች። “በእግሬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብያታለሁ።”

እህትማማቾቹ በስልክ የሚነጋገሩት በካፊኖኖ ነው። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የእኔ ካፊኖኖ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ በየሳምንቱ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ስታወራ ሲስቁ እሰማለሁ እንጂ ምን እንደሚባባሉ አላውቅም ነበር። ከዳነች ለምን እንደማትመጣ ሲጠይቋት ምን ብላ እንደምትመልስ ጠየቅኋት።

“አንተ ሥራ በዝቶብህ ነው አልኳት።”

“ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ? ምን ሥራ አለኝ?”

“መጽሐፍ ይጽፋል ብያታለሁ። የሒሳብ።”

ለካስ ቢታ ገነት ውስጥ፣ ሁለት እህትማማቾችን ያለያየው ያ ክፉ ባል እኔ ነበርኩ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። እሷም ቀና ሳትል ቀጠለች። “እሷ ደጅ ላይ ሁለት ወንድ ብብቴን ይዞ ሲያወጣኝ ታየህ? እኔን እንዲያ ካየች ተኝታ አትቀርም። ተነሥታ ላስታምምሽ ነው የምትለው። ታውቃታለህ።”

አውቃቸዋለሁ። ልጃችን ሲወለድ በእግራቸው ጭምር መጥተው ሰንብተው የሄዱ ሴት ናቸው። መኪናዋ ብትደርስም ባትደርስም፣ ወንበሯ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም፣ ባለቤቴ የምትፈራው መንገዱን አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። አንድ ጥያቄ ግን ከአፌ አመለጠኝ።

“ሳትተያዩ ብትቀሩስ?”

ምስሩን መልቀም ቀጠለች። የለቀመችውን ደግማ ስትለቅም አይቻት ወደ ደጅ ወጣሁ።

በሳምንቱ ውስጥ ዝናቡ ጠነከረ። በሐጂ ሱቅ በኩል ማለፍ ስለ ከበደኝ ስኳር ከሌላ ሱቅ እገዛ ጀመር፤ በከተማችን እንዲህ ያለ ነገር ሳይታይ እንደማይቀር አውቃለሁ። ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ “መኪናው እንዴት ሆነ?” ይለኛል። አንዳንዱም መግዛቴ እንዳበቃ አድርጎ እንኳን ደስ ያለዎት ይለኛል፤ የዕድራችን ዳኛ ደግሞ ድንኳኑን ከዚህ በኋላ በምን እንደምናጓጉዝ ተጨንቀው እንደ ነበርና አሁን እንደ ቀለላቸው ነገሩኝ። አልገዛሁም ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ሰለቸኝ፤ አሁን አሜን እላለሁ።

እሑድ ዕለት ከቢታ ስልክ ተደወለ። ባለቤቴ ጥቂት ካወራች በኋላ ፊቷ ተለዋወጠና ስልኩን ለእኔ ዘረጋችልኝ፤ እህቷ እኔን ፈልገው ነበር። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር የለበትም፤ ለዚህም እወድላቸዋለሁ። ድምፃቸው ከማውቀው ሳስቶ ነበር።

“አንተ፣ ሥራ አለቀ?” አሉኝ።

ባለቤቴ ከዘራዋን በሁለት እጇ ይዛ ታየኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ በመካከላችን ሆኖ ቃሌን የሚያሳምርልኝ ወይም የሚያበላሽብኝ አስተርጓሚ አልነበረም።

“ሊያልቅ ነው እትዬ” አልኳቸው። “ትንሽ ነው የቀረኝ።”

“ሲያልቅ እሷን ይዘህ ና” አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

ይህን እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ ለሐጂ ልጅ እገዛለሁም አልገዛምም አላልኩትም። ባለቤቴ ለእህቷ እውነቱን አልነገረችም፤ እኔም አልነገርኩም። ቢታ ገነት አልሄድንም።